እምቢተኞቹ የእንግሊዝኛ ግሦች

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ሐሳብ ሳያንሰው፥ ኃላፊውን ግሥ እንዳይሳሳት ፈርቶ በክፍል ውስጥ ዝም የሚል ብዙ ነው። ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዝምታው የሚጎዳው ራሱን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

የእንግሊዝኛ ግሥ ባመዛኙ «ኢዲ» በመጨረሻው ሲጨመርበት ኃላፊ ይሆናል። ከዚህ ደንብ የወጡት ወደ 200 ያህል ቢሆኑም፥ ከአፍ የማይለዩት እነርሱ ናቸው፤ መሆን፥ ማድረግ፥ ማለት፥ መሄድ፥ ማወቅ ሁሉም እምቢተኞች ናቸው። ምክንያቱም ዕለት ተዕለት የሚነገር ቃል የጥንት መልኩን ይዞ ይኖራል፤ እምብዛም የማይነገረው ግን መልኩ ይረሳና ወደ ደንቡ ይገባል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ዓ. ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፥ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ከነበሩት 177 እምቢተኛ ግሦች እስከ ዛሬ የጸኑት 98 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የሄልፕ ኃላፊ እንኳ ቀድሞ ሆልፕ ነበር።

እንግዲህ በፊደል ተራ ከመሸምደድ ይልቅ በየወገናቸው ከፍሎ መያዝ ይቀላል።

አንደኛ፥ ከቶ የማይለወጡ፤ ከት፥ ፑት፥ ሂት፥ ሸት። ሁሉም መጨረሻቸው የ«ት» ድምፅ ነው።

ሁለተኛ፥ ረጅሙ አናባቢ አጥሮ «ት» የሚጨመርባቸው፤ ኪፕ—ኬፕት፥ ስሊፕ—ስሌፕት።

ሦስተኛ፥ ውስጣቸው ብቻ የሚለወጥ፤ ሲንግ—ሳንግ፥ ድሪንክ—ድራንክ፥ ስዊም—ስዋም። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሰበረ፥ ይሰብራል፥ ሰባሪ ስንል ተነባቢው ጸንቶ አናባቢው ይለዋወጣልና። ነገር ግን መልክ ያታልላል፤ ብሪንግ ሲንግን ቢመስልም ኃላፊው ብሮት ነው፤ ወገኖቹም ቲንክ—ቶት፥ ባይ—ቦት ናቸው።

አራተኛ፥ ጎ—ዌንት። ዌንት የመጣው ዌንድ ከሚባል ከሌላ ግሥ ነው። እኛስ «መጣ» የሚለውን በትእዛዝ ስንናገር «ና» እንል የለምን? «አለ»ስ ሲያልፍ «ነበረ» አይሆንምን?

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ልምምድ ነው። በየማታው ከአንድ ወገን አምስት ግሥ መርጠን፥ በቀን የሠራነውን ለባልንጀራችን በአፍ እንንገረው። ቃሉ የሚጸናው በመነገር ነውና፥ በደብተር ላይ ተጽፎ ቢቀመጥ አይበቃም። የእንግሊዝ ሕፃን እንኳ ዌንት በማለት ፈንታ አንዳንድ ጊዜ «ጎድ» እያለ ያድጋል፤ እናቱም አትስቅበትም። እኛም የተሳሳተውን ባልንጀራችንን እናርመው እንጂ በሣቅ አፉን አናዘጋው።