ስለ ጥርስ ማቃኛ ሽቦ የሚባለውና እውነቱ

ባለፈው ሰኔ በፔዳ ግቢ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር ጓደኛዬ የፊት ጥርሶቹን ፍንጭት ለመግጠም አስቦ፥ ሁለቱን ጥርሶች በትንሽ ላስቲክ እያሰረ ይተኛ ጀመር። ዘዴውን ያየው በስልኩ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ክፍተቱ በእርግጥ ጠበበለት፥ ደስም አለው። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ ላስቲኩ የለም። «ውጬው ይሆናል» ብሎ ተወው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ድዱ አበጠ፥ ጥርሶቹም ይነቃነቁ ጀመር። ሐኪም ቤት ሄዶ ሲታይ ላስቲኩ አልተዋጠም ነበር፤ ከድዱ ሥር ገብቶ ተገኘ። ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ፥ የታሰረበት ላስቲክ እየተንሸራተተ ወደ ሥር ይገባል፤ በሄደበትም ጥርሱን የያዘውን ጅማትና አጥንት ያበላሻል። በዚህ ምክንያት ሁለቱንም የፊት ጥርሶች ያጡ ሰዎች አሉ። የጓደኛዬ ጥርሶች እስካሁን ቆመዋል፤ ዳቦ ሲቆርስ ግን ዛሬም በእጁ ነው እንጂ በጥርሱ አይደፍርም።

ይህችን አጭር ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። እኔ የምማረው ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ እንጂ ሕክምና አይደለም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ያህል በጥርሴ ላይ ሽቦ ይዤ ስለኖርሁ፥ ስለ ነገሩ ያልተባልሁት የለም። የተባልሁትንም ሐኪሜን እየጠየቅሁና እያነበብሁ ስመረምር ቆይቻለሁ።

የስሕተቱ ሁሉ ምንጭ አንድ ይመስለኛል። ጥርስን በግድግዳ ላይ እንደ ተመታ ምስማር አድርገን እናስበዋለን። ምስማር ቢጣመም በጉጠት ይቃናል፤ ቢያስቸግር ይነቀላል። ጥርስ ግን የተተከለው ሕይወት ባለው አጥንት ውስጥ ነው፤ በሥሩና በአጥንቱም መካከል ቀጭን የጅማት ሽፋን አለ። ቀላል ግፊት ሳያቋርጥ ሲደርስበት፥ ጥርሱ በሚገፋበት በኩል ያለውን አጥንት ጥቃቅን ሕዋሳት እያሟሙ መንገድ ይለቁለታል፤ በስተኋላው ደግሞ ሌሎች ሕዋሳት አዲስ አጥንት እየሠሩ ይሞላሉ። እንግዲህ ጥርሱን የሚያዛውረው የሽቦው ጉልበት ሳይሆን የሰውነታችን የራሱ ሥራ ነው። ፍጥነቱም በወር አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን ካወቅን የሚከተሉትን አባባሎች መመዘን አያስቸግርም።

አንደኛ፥ «ሽቦው ጥርስን እየጎተተ በመጨረሻ ያረግፈዋል» ይባላል። በሕክምናው ጊዜ ጥርስ በመጠኑ መነቃነቁ እውነት ነው፤ አጥንቱ በመታደስ ላይ ነውና። አዲሱ አጥንት ሲጠነክር ግን ጥርሱ ይጸናል። ሽቦው በተጠበቀ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን ያማል፤ ከዚያ ይለመዳል። አደጋ የሚመጣው ቶሎ ለመጨረስ ኃይል ሲበዛ ወይም እንደ ጓደኛዬ ያለ ሐኪም ሲሠራ ነው። ለፋሽን ተብሎ ሐኪም ያልሆነ ሰው የሚለጥፈው ሽቦም ከዚያው ይቈጠራል።

ሁለተኛ፥ «የልጆች ነገር ነው፤ ላደገ ሰው አይሠራም» የሚሉ አሉ። ልጆች በማደግ ላይ ስለሆኑ መንጋጋቸውን ጭምር ማስተካከል ይቻላል፤ ጥቅሙ ይህ ነው። ይሁን እንጂ አጥንት እስከ ዕድሜ ፍጻሜ ሕያው ስለሆነ፥ ድዱ ጤነኛ የሆነ የአርባ ዓመት ሰውም ጥርስ ይዛወራል። እኔ ራሴ የጀመርሁት በሃያ ዓመቴ ነው።

ሦስተኛ፥ «የሀብታም ጌጥ ነው» ይባላል። ውድ መሆኑን አልክድም። በአገራችን ጥርስ የሚያቃኑ ልዩ ሐኪሞች ጥቂቶች ናቸው፥ አብዛኞቹም በአዲስ አበባ ይገኛሉ፤ እኔም አጎቴ ወጪውን ባይችልልኝ ኖሮ አይሆንልኝም ነበር። ነገሩ ግን የትናንት ፋሽን አይደለም። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጥርስን ከብረት ቅስት ጋር በክር እያሰሩ ስለ ማቃናት ጽፎአል፤ አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ደግሞ በ1900 በሴንት ሉዊስ ከተማ ለዚህ ሙያ ብቻ የተለየ ትምህርት ቤት ከፍቶአል። አላማውም መልክ ብቻ አይደለም፤ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ገጥመው በሚገባ እንዲያኝኩ፥ የተደራረበውም ለማጽዳት እንዲመች ነው። እንግዲያስ ፍንጭት ሁሉ በሽታ ነውን? አይደለም። በአገራችን ፍንጭት የሚወደስ ውበት ነው፤ ባለቤቱን ካላስቸገረው የሚያስነካው ምክንያት የለም። ጓደኛዬ ጤነኛ ጥርሱን ለአደጋ የሰጠው አያቱ ስታመሰግንለት የኖረችውን ነገር ለማጥፋት ነበር።

አራተኛ፥ «ሽቦው ሲወልቅ ሁሉ አለቀ» የሚባለው ብዙ ሰው ድካሙን ከንቱ ያስቀረበት ስሕተት ነው። ጥርስ የቀድሞ ቦታውን አይረሳም። ስለዚህ ከሽቦው በኋላ ጥርሱን በያዘው ቦታ የሚያጸና ሌላ መያዣ ለረጅም ጊዜ ማድረግ ግድ ነው። እኔ ሽቦውን ባወልቅም መያዣውን እስከ ዛሬ ማታ ማታ አደርጋለሁ።

ሌላው ትንንሽ ወሬ ነው። አምና በጀልባ ወደ ዘጌ ስንሻገር ደመናው ቢያጉረመርም አንዱ፥ «አንተ ውረድልን፥ ሽቦህ መብረቅ ይጠራብናል» ብሎ ጀልባውን በሳቅ ሞላው። በአፍ ውስጥ ያለች ቅንጣት ሽቦ መብረቅ አትጠራም፤ በነጎድጓድ ጊዜ በሐይቅ መካከል መገኘት ግን ሽቦ ላለውም ለሌለውም አደገኛ ነው። ይልቅ ሽቦ ያሰረ ሰው መፍራት ያለበት ቆሎን፥ ሸንኮራ አገዳንና የተጠበሰ በቆሎን ነው፤ በጥርሱ ላይ የተለጠፉትን መያዣዎች ይነቅሉበታልና። መፋቂያም ብቻውን በሽቦው መካከል ስለማይደርስ፥ ብሩሽ ያስፈልገዋል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እመለሳለሁ። እኔ ሽቦ ያሰርሁት አንድ የታች ክራንቻ ጥርሴ ፈጽሞ ስላልበቀለና ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ስለ ተጋደሙ ነው። ሐኪሙ ገና እንዳየኝ፥ «ሕፃን ሳለህ የወተት ጥርስ ተነቅሎልህ ነበር ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና፥ «ልጄ፥ ተቅማጥ ይዞህ ሌሊቱን ሙሉ ታለቅስ ነበር። ያ ጥርስ ካልወጣ ልጅሽ አይተርፍም አሉኝ፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

በሐይቁ ዳር ባሉ መንደሮችና በሌላውም የአማራ ገጠር ይህ ልማድ የታወቀ ነው። በድዱ ላይ ነጭ ሆኖ አብጦ የሚታየው ግን በሽታ ሳይሆን ገና ያልወጣው የወተት ክራንቻ ነው። ተቅማጡ የሚመጣው ሕፃኑ መዳህና ምግብ መቅመስ በሚጀምርበት ወራት ከውሃና ከምግብ በሚገባ ጀርም ነው፤ ብዙ ጊዜም በራሱ ስለሚቆም ምስጋናው ለነቃዩ ይሆናል። ከወተት ጥርሱ ሥር አጠገብ የቋሚው ጥርስ እንቡጥ ተኝቶአል፤ በመርፌ ወይም በስለት ሲቈፈር እርሱም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ በእስራኤል የተደረገ ጥናት ከኢትዮጵያ በሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆች አፍ ይህንኑ መነቀልና ከእርሱ ጋር የተያያዘ የጥርስ ጉድለት መዝግቦአል፤ ቤተ እስራኤል በብዛት ይኖሩ የነበሩት ደግሞ ከጣና በስተሰሜን ባለው በጎንደር አገር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 561 የወተት ጥርስ ማውጣትን በስሙ ጠርቶ፥ ሕፃን ቢሞትበት ያስቀጣል ይላል። መድማቱና መመረዙ ሕፃን ይገድላልና። ሽቦውም ቢሆን የተጋደሙትን አቃናልኝ እንጂ የጠፋውን ጥርስ አልመለሰልኝም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ሽቦ ለማሰር የሚችል ከመካከላችን ጥቂት ነው። በክረምት ግን ሁላችንም ወደየቀያችን እንመለሳለን፤ በየቤቱም ጥርስ በማውጣት ላይ ያለ ሕፃን አይጠፋም። እናቱን ሳንወቅስ፥ ጡት ማጥባቷን እንዳታቋርጥ፥ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን የጨውና የስኳር ዱቄት በንጹሕ ውሃ በጥብጣ እንድትሰጠው፥ ወደ ጤና ጣቢያም እንድትወስደው እንንገራት። የእኔም እናት ያኔ የሚነግራት ብታገኝ ኖሮ እሺ ትል ነበር።