31 ጊዜ ተሸንፎ ዋንጫ ያነሣው ፍሬስኖ ስቴት

የአሜሪካ ኮሌጆች የቤዝቦል ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1947 በሚሺጋን ግዛት፣ በካላማዙ ከተማ ተጀምሮ ከ1950 ወዲህ በኔብራስካ ግዛት በኦማሃ የሚካሄድ፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆርጅ ኤች. ደብልዩ. ቡሽ ሳይቀሩ በተማሪነታቸው ለየል ዩኒቨርሲቲ የተሰለፉበት አንጋፋ ውድድር ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፣ ፒቸር የሚባለው ወርዋሪ የሚልካትን ኳስ መቺው በዱላ እንደሚመታ፣ ቤዝ የሚባሉትን ማዕዘኖች ዞሮ ሲመለስም ለቡድኑ አንድ ነጥብ እንደሚመዘገብ፣ ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር ኢኒንግ እንደሚባልና ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ እንዳለው ማወቅ ለጊዜው ይበቃዋል።

ከዚህ ውድድር ዘመናት ሁሉ እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ከተሰጠው ቦታ የላቀ ቦታ ይገባዋል። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን፣ በካሊፎርኒያ የእርሻ ምድር የሚገኘው ፍሬስኖ ስቴት፣ ዘመኑን በ47 ድልና በ31 ሽንፈት ያጠናቀቀ ሲሆን ያን ያህል ተሸንፎ ዋንጫውን ያነሣ ቡድን ከእርሱ በፊት አልነበረም። ይሁን እንጂ ታሪኩን የሚያነሡት ብዙዎቹ ሁለት ስሕተት ይፈጽማሉ፤ አንደኛው ቡድኑን «አራተኛ ደረጃ የተሰጠው» ብለው ማለፋቸው፣ ሁለተኛው ድሉን ለዕድል መስጠታቸው ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ታሪኩን ከሥሩ ያዛባዋል። ወደ ሻምፒዮናው የሚገቡት 64 ቡድኖች አራት አራት ሆነው በ16 ምድብ ይከፈላሉ፤ በየምድቡም ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ይሰጣቸዋል። በዚያን ጊዜ ደንብ አገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው ከሁሉም ለሚልቁት ስምንት ቡድኖች ብቻ ነበር። ስለዚህ «አራተኛ» ማለት ከ64ቱ አራተኛ ሳይሆን የምድቡ መጨረሻ፣ በመዳቢዎቹ ግምትም ቀድመው ይሰናበታሉ ከተባሉት 16 ቡድኖች አንዱ ማለት ነው። «በምድቡ» የምትለዋን ቃል ለማሳጠር ሲሉ የሚጥሉ ጸሐፊዎች፣ ከጭራ ተነሥቶ ዋንጫ የወሰደውን ቡድን አስቀድሞ ለፍጻሜ የታጨ አስመስለው ስለሚያቀርቡት በታሪኩ ላይ ከባድ በደል ይፈጽማሉ።

ሁለተኛውን ስሕተት ለማረም የውድድሩን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። በእግር ኳስ ጥሎ ማለፍ የለመደ ሰው አንድ ሽንፈት የመጨረሻ ነው ብሎ ያስባል፤ እዚህ ግን በምድብ ጨዋታ ቡድኑ የሚሰናበተው ሁለት ጊዜ ሲሸነፍ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ወደ ኦማሃ ያልፋል፣ በኦማሃም ስምንቱ ቡድኖች በሁለት ምድብ ሆነው እንደገና እስከ ሁለተኛ ሽንፈት ይጋጠማሉ፣ የፍጻሜው ባለድልም ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈው ነው። ይህ ሥርዓት የተዘረጋው ለተሸናፊ በማዘን አይደለም። ሙሉ ጨዋታ የወረወረ ፒቸር ክንዱ እስኪያገግም ቀናት ስለሚፈልግ፣ አንድ ጨዋታ ብቻውን የሚመዝነው በዕለቱ የወረወረውን ሰው እንጂ ቡድኑን አይደለም፤ በተከታታይ ጨዋታዎች ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ወርዋሪ፣ ከተጠባባቂ ወንበር የሚነሣውም ጭምር ይፈተናል። ፍሬስኖ ስቴት ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ፒቸሩ ታነር ሼፐርስ ትከሻው ተጎድቶ በሻምፒዮናው ስላልወረወረ፣ ወደዚህ ፈተና የገባው በጎደለ ሰልፍ ነበር።

ጉዞውም ይህንኑ ይመሰክራል። ምድቡን ካለፈ በኋላ በአሪዞና ግዛት፣ በቴምፒ ከተማ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ሦስተኛ ከነበረው አሪዞና ስቴት ጋር የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸንፎ ቀሪዎቹን ሁለቱን አሸነፈ። በኦማሃ በአገር አቀፍ ደረጃ ስድስተኛ የነበረውን ራይስን 17 ለ 5 ከረታ በኋላ ሁለተኛውን ኖርዝ ካሮላይናን 5 ለ 3 አሸነፈ፤ መልሶ 4 ለ 3 ተረታና በወሳኙ ጨዋታ 6 ለ 1 ረትቶ ለፍጻሜ አለፈ። በፍጻሜው ስምንተኛው ጆርጂያ የመጀመሪያውን ጨዋታ 7 ለ 6 ወሰደ፤ በሁለተኛውም ገና በጅምሩ 5 ለ 0 መርቶ ሳለ ፍሬስኖ ስቴት አገግሞ 19 ለ 10 አሸነፈ። ከቴምፒ ጀምሮ ሲቆጠር ቡድኑ ቢሸነፍ ወደ ቤቱ የሚሸኝባቸው ጨዋታዎች አምስት ነበሩ፤ አምስቱንም አሸንፏል። ዕድል አንድ ጨዋታ ሊያስገኝ ይችላል፤ ለአምስቱ ግን አይበቃም።

የመጨረሻው ጨዋታ የተካሄደው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 18 ቀን 2000 ዓ.ም. በሮዘንብላት ስታዲየም ሲሆን የስቲቭ ዴትዋይለር ገድል በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። የቀኝ ሜዳ ጠባቂ የነበረው ይህ ተጫዋች የአውራ ጣቱ ጅማት ተበጥሶ ሳለ ቀዶ ሕክምናውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፎ ይጫወት ነበር። ዱላ አጥብቆ ለመያዝ አውራ ጣት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለሚያውቅ ሰው፣ በዚያች ምሽት አራት ጊዜ ቀርቦ አራቱንም መምታቱ እጅግ የሚያስገርም ነው። ከምቶቹ ሁለቱ ኳሷ ከአጥሩ ውጭ የምትወድቅባቸው ሆምራን ነበሩ፤ ሆምራን ሲመታ መቺው ብቻ ሳይሆን በየማዕዘኑ ቆመው የሚጠብቁት ጓደኞቹም ነጥብ ስለሚያስመዘግቡ አንዱ ሁለት፣ ሌላው ሦስት ነጥብ አስገኘ፤ በሌላ ምቱ የተገኘው አንድ ነጥብ ሲጨመር ፍሬስኖ ስቴት 6 ለ 1 ያሸነፈባቸው ስድስቱም ነጥቦች የእርሱ ምቶች ፍሬ ሆኑ። ጨዋታውን የዘጋችውን ኳስም በቀኝ ሜዳ የቀለበው ራሱ ዴትዋይለር ነበር። የውድድሩ ኮከብ የተባለው ግን የሦስተኛው ቤዝ ጠባቂ ቶሚ ሜንዶንሳ ነው፤ ምርጫው በመላው የኦማሃ ቆይታ እንጂ በአንድ ምሽት ስለማይወሰን ተገቢ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከምድባቸው መጨረሻ ተነሥተው ኦማሃ የደረሱ ሌሎች ቡድኖችም አሉ፤ ስቶኒ ብሩክ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኦራል ሮበርትስ በ2023፣ መሪ ስቴት በ2025 ደርሰዋል፤ ከእነርሱ አንዱም ግን ለፍጻሜ አልበቃም።