ግብር በክፉ ቀን

«ግብር» የሚለው ቃል በአማርኛ ቋንቋ ከአንድ በላይ ፍች አለው። አንደኛው ፍቹ ሥራ ወይም ተግባር ማለት ነው። በቀድሞው ዘመን በቤተ መንግሥትና በየመኳንንቱ አዳራሽ ለሠራዊትና ለሕዝብ ይዘጋጅ የነበረው ታላቅ ግብዣም ግብር ይባል ነበር። ዛሬ ግን ቃሉ ሲነሣ በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሰዎች ከሚያገኙት ገቢ ላይ በሕግ በተወሰነው መጠን ለመንግሥት የሚከፍሉት ገንዘብ ነው። ትምህርት ቤት ለመሥራት፣ መንገድ ለመጥረግ፣ ለጤና ጣቢያ መድኃኒት ለመግዛት የሚውለው ገንዘብ በከፊል ከዚሁ የሚገኝ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አንድ ሰው ሊሸፍነው የማይችለው ወጪ በብዙ ሰው ትከሻ ላይ ሲከፋፈል ይቀልላል።

ይሁን እንጂ ከሃምሳው ሰው አብዛኛው በአንድ ጊዜ ሥራ ቢፈታ ሎሚውን ማን ይሸከመዋል? በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ የብዙ አገሮች መንግሥታት የገጠማቸው ጥያቄ ይህ ነበር። በዚህ ምንባብ ውስጥ ኢትዮጵያና ሌሎች ሁለት አገሮች ለጥያቄው የሰጡትን መልስ እንመለከታለን።

አስቀድሞ የግብር ወቅት የሚባለው ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ስለሆነም ነጋዴዎች ያለፈውን ዓመት ገቢያቸውን አስታውቀው ግብር መክፈል የሚጀምሩት ዝናሙ በሚበረታበት በሐምሌ ወር ነው። ወረርሽኙ በገባ ጊዜ ይሠራበት በነበረው በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ግብር ከፋዮች በሦስት ደረጃ ይመደቡ ነበር። ኩባንያዎችና የዓመት ገቢያቸው 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ነጋዴዎች ደረጃ «ሀ»፣ ገቢያቸው ከ500,000 ብር ጀምሮ 1,000,000 ብር ያልሞላ ደረጃ «ለ»፣ ከ500,000 ብር በታች የሆኑት ደግሞ ደረጃ «ሐ» ይባሉ ነበር። የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ እስከ ሐምሌ 30 ቀን፣ የደረጃ «ለ» እስከ ጳጉሜን መጨረሻ፣ የደረጃ «ሀ» እስከ ጥቅምት 30 ቀን ድረስ ከፍሎ መጨረስ ነበረበት። ባለደመወዝ ግን ሐምሌን አይጠብቅም፤ የሥራ ግብሩን አሠሪው በየወሩ ከደመወዙ ላይ ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ገቢ ያደርግለታል።

በደረጃዎቹ መካከል ሌላም ልዩነት ነበር። የደረጃ «ሀ» ነጋዴ የተሟላ የሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ የደረጃ «ለ» ነጋዴ ደግሞ ቀለል ያለ መዝገብ መያዝ ይገባቸው ነበር። የደረጃ «ሐ» ነጋዴ ግን መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረበት ግብሩ የሚወሰነው በግምት ነበር። ግምት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከእውነቱ ይርቃል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የተደረገው የቀን ገቢ ግምት በብዙ ከተሞች ከፍተኛ ቅሬታ አስነሥቶ እንደነበረ ይታወሳል። ግምቱ በዛብኝ የሚል ባለሱቅ የዕለት ሽያጩን የጻፈበት ደብተር ከሌለው አቤቱታውን የሚደግፍበት ማስረጃ አይኖረውም። ይህ ነገር በኋላም ስለሚያስፈልገን ልብ ልንለው ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ ተነገረ። ከዚያም ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሆቴሎች ያለ እንግዳ፣ ምግብ ቤቶች ያለ ተመጋቢ ቀሩ። ሠርግና ድግስ በመቅረቱ የልብስ ሰፊው፣ የፎቶግራፍ አንሺውና የድንኳን አከራዩ ገቢ አብሮ ቀረ። ሰዎች ተራርቀው እንዲሳፈሩ በመታዘዙ ባለታክሲው ይጭነው የነበረው ሰው ቍጥር ቀነሰ።

መከራው የገባው በበጀት ዓመቱ ዘጠነኛ ወር ላይ መሆኑን እናስተውል። ነጋዴው ስምንት ወር እንደ ወትሮው ነግዶ በቀሪዎቹ አራት ወራት ገቢው ነጠፈ፤ የግብር ወቅት ሲደርስ ግን የስምንቱን ወር ትርፍ ምናልባት ለቤት ኪራይና ለቀለብ ጨርሶታል። በሌላ በኩል መንግሥት የሕክምና መሣሪያ ለመግዛት፣ ለይቶ ማቆያ ለማዘጋጀት፣ የተቸገረውን ለመርዳት ከወትሮው የበለጠ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ሕዝቡ ለመክፈል እጅግ የሚቸገርበት ጊዜና መንግሥት ገንዘብ እጅግ የሚያስፈልገው ጊዜ አንድ ላይ ገጠሙ። የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ግብሩን በግድ መሰብሰብ ድርጅቶችን ያዘጋል፤ ጨርሶ መተው ደግሞ ሆስፒታሉን ያለ መድኃኒት ያስቀራል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በመካከለኛው መንገድ ለመሄድ ሞከረ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ ወር 2012 ዓ.ም. ካሳለፋቸው ውሳኔዎች መካከል ሦስቱ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። አንደኛ፣ ከ2008 ዓ.ም. በፊት የነበረ ውዝፍ የግብር ዕዳ እንዲሰረዝ ተደረገ። ሁለተኛ፣ ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ላለው ዕዳ ፍሬ ግብሩን ለሚከፍሉ ወለዱና መቀጫው እንዲነሣላቸው ተወሰነ። ፍሬ ግብር ማለት ወለድና መቀጫ ያልታከለበት ዋናው ዕዳ ነው። ሦስተኛ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ሥራ ቢያቆሙም ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈል ያላቋረጡ ድርጅቶች ከደመወዝ የሚቀነሰውን የሥራ ግብር ለአራት ወር ገቢ ከማድረግ ነጻ ሆኑ። ከዚህም ሌላ ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ፤ ዓላማውም ባንኮቹ ለተቸገሩ ተበዳሪዎቻቸው የዕዳ መክፈያ ጊዜ ማራዘም እንዲችሉ ነበር። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ዘመንም አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር።

የሦስተኛውን ውሳኔ ጥቅም በምሳሌ እንመልከት። ስድስት ሠራተኞች ያሉት አንድ የልብስ ስፌት ድርጅት አለ ብለን እናስብ። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዝ በወር 5,000 ብር ነው። በጊዜው በነበረው ሕግ ከ5,000 ብር ላይ ይቀነስ የነበረው የሥራ ግብር 697 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። ይህ በስድስት ሠራተኛ ሲባዛ በወር 4,185 ብር፣ በአራት ወር ደግሞ 16,740 ብር ይሆናል። ገንዘቡ ለትልቅ ፋብሪካ ኢምንት ነው፤ መኪናዎቹ ቆመው ደመወዝ ለሚከፍል የሰፈር ልብስ ሰፊ ግን ከሦስት ሠራተኞች የአንድ ወር ደመወዝ ይበልጣል። ሕጉ እፎይታውን ከደመወዝ ጋር ማያያዙም ያለ ምክንያት አይደለም። አሠሪው የሚጠቀመው ሠራተኞቹን ሳይበትን ሲቆይ ነውና።

የሌሎች አገሮች መንገድ ከዚህ ይለያል። ጎረቤታችን ኬንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ16 በመቶ ወደ 14 በመቶ፣ ከፍተኛውን የገቢ ግብር መጠን ከ30 በመቶ ወደ 25 በመቶ ዝቅ አደረገች። የወር ደመወዙ ከ24,000 ሽልንግ ያልበለጠ ሠራተኛም የደመወዝ ግብር እንዳይከፍል ወሰነች። ነገር ግን የመንግሥት ገቢ ስለቀነሰ ታክሱ ወደ 16፣ ከፍተኛው ግብርም ወደ 30 በመቶ ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተመለሱ። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ የግብር ማስታወቂያውን የመጨረሻ ቀን በዚያው በ2020 ከሚያዝያ 15 ወደ ሐምሌ 15 አዛወረ፤ ገቢው መጠነኛ ለሆነ ለእያንዳንዱ አዋቂ ሰው 1,200 ዶላር፣ ለልጅ 500 ዶላር አደለ። ለአነስተኛ ነጋዴዎችም ገንዘቡን በአብዛኛው ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ ካዋሉት የሚሰረዝላቸው ብድር ሰጠ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ምግብ ቤት ከፍተው ወይም ታክሲ እየነዱ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህ ሕግ የሚመለከታቸው ነበሩ። የእርዳታው ገንዘብ የሚሰላው ሰውዬው በ2018 ወይም በ2019 ባቀረበው የግብር ማስታወቂያ ላይ ተመሥርቶ ነበር። ማስታወቂያውን በጊዜው ያቀረበ ገንዘቡ ቶሎ ሲደርሰው፣ ያላቀረበው ብዙ ሰው ራሱን ለማስታወቅ ሌላ ቅጽ መሙላት ግድ ሆኖበታል።

ከእነዚህ ሦስት አገሮች ተሞክሮ አንድ የጋራ ነገር እናገኛለን። አንዱ ዕዳ ሠረዘ፣ ሌላው መጠኑን ቀነሰ፣ ሦስተኛው ቀን አራዘመና ገንዘብ ሰጠ። በሦስቱም ዘንድ ግን በግብር በኩል የመጣው እፎይታ በዋነኛነት የደረሰው መዝገብ ላይ ለተገኘ ሰው ነው። የሠራተኞቹን ስምና ደመወዝ በወረቀት ያልያዘ አሠሪ ከሥራ ግብሩ ነጻ ልሁን ቢል በምን ያስረዳል? በመንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት፣ በጉልት ሽንኩርት የምትሸጥ እናት፣ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ውዝፍ ግብርም ሆነ የደመወዝ መዝገብ የላቸውም፤ ስለዚህ ዕዳ ሲሰረዝ የሚሰረዝላቸው፣ ግብር ሲቀነስ የሚቀነስላቸው ነገር አልነበረም። ችግሩ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የጎዳው እነዚህን የዕለት ጉርሳቸውን በዕለት ሥራ የሚያገኙትን ሰዎች ነው። ለእነርሱ የደረሰላቸው ሌላ መንገድ ነበር። በየቀበሌው ዱቄትና ዘይት ተሰብስቦ ታደለ፤ ማዕድ ማጋራት የሚል ጥሪ ተላለፈ፤ አንዳንድ አከራዮችም ኪራይ ቀነሱ ወይም ማሩ። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም በሰው ደግነት ላይ የተመሠረተ እንጂ በሕግ የተረጋገጠ መብት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ አዋጅ የግብር ከፋዮች ደረጃ ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ ብሏል፤ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝም ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ሕግ እንደ ዘመኑ ይለወጣል። የማይለወጠው ግን ግብር ከፋዩና መንግሥት አንዱ የሌላውን ሁኔታ በትክክል ማወቅ ያለባቸው መሆኑ ነው።

እንግዲህ እፎይታ ማለት ግብርን ማስቀረት ሳይሆን ግዴታን ከሰው አቅም ጋር ማመዛዘን ነው። ሚዛኑም የሚሠራው የእያንዳንዱ ሰው ገቢና ወጪ ሲታወቅ ነው። ባለሱቁ ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት የዕለቱን ሽያጭና ወጪ በደብተር ላይ ቢያሰፍር ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ያ ደብተር በደኅናው ጊዜ ከተጋነነ ግምት ይጠብቀዋል፤ በክፉ ቀን ደግሞ ገቢው መቀነሱን ይመሰክርለታል። ከተማሪዎች መካከል ወላጆቻቸው የሚነግዱ አሉ። እነዚህ ተማሪዎች በትምህርት ቤት የቀሰሙትን መደመርና መቀነስ፣ ጽሕፈትና ንባብ በዚያ ደብተር ላይ ቢያውሉት ቤተሰባቸውን በእጅጉ ይጠቅማሉ። ክፉ ቀን መምጫውን አስቀድሞ አይነግርምና መዝገቡ መጀመር ያለበት በደኅናው ቀን ነው።