ሕጉ የሚያምናት ሴት

የአገሮችን የፅንስ ማቋረጥ ሕግ ስናነፃፅር መጀመሪያ የምንጠይቀው «ይፈቀዳል ወይስ ይከለከላል?» ብለን ነው። እኔ ግን የሴቶችን እኩልነት ለመመዘን ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ሴቲቱ «ተደፍሬ ነው ያረገዝኩት» ስትል ማን ያምናታል?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የነበረውን የፅንስ ማቋረጥ መብት በጁን 2022 ሻረው። ከዚያ በኋላ አይዳሆ ግዛት ውስጥ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ የተደፈረችን ሴት ከክልከላው ያወጣታል፤ ሆኖም ለፖሊስ አመልክታ የአቤቱታዋን ሪፖርት ቅጂ ለሐኪሙ ማቅረብ አለባት። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2012 ሕጓን ስታላላ የፍርድ ቤት ማረጋገጫ ጠይቃ ነበር፤ ይህን ያነሳችው በ2018 ነው። የዛምቢያ እ.ኤ.አ. የ1972 ሕግ ደግሞ ሲነበብ ከብዙዎቹ የአፍሪካ ሕጎች ሰፊ ነው። ግን የሦስት ሐኪሞች ፊርማ ይፈልጋል፤ አንዱም ስፔሻሊስት መሆን አለበት። ገጠር ያለች ሴት ሦስት ሐኪም ከየት ታመጣለች?

የኛ አገር ሕግ እዚህ ላይ ያደረገውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሚፈቅደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 በሩን ሰፋ አደረገው፦ እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ የመጣ ከሆነ፣ የእናቲቱን ጤና የሚጎዳ ከሆነ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ ወይም እናቲቱ በዕድሜዋ ለጋነት አለዚያም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ምክንያት ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነ። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 552 የመደፈሩን ነገር ለማስረዳት የሴቲቱ ቃል ብቻ እንደሚበቃ ይደነግጋል።

ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት አሠሪዋ የደፈራትን የቤት ሠራተኛ አስቡ። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ብትከስ የምታድርበትን ቤት ታጣለች፤ ምስክር የላትም። ጤና ጣቢያ ገብታ የደረሰባትን ለአዋላጅ ነርሷ ብትነግር ግን ሕጉ ከዚያ በላይ ማስረጃ አይጠይቃትም። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያም ዕድሜዋን ራሷ እንደተናገረችው እንዲመዘገብ አደረገ፤ መታወቂያ አምጪ አትባልም። አገልግሎቱን የጤና መኮንን፣ ነርስና አዋላጅ ጭምር እንዲሰጡ መፍቀዱ ወረዳ ድረስ አደረሰው። የማኅፀን ሐኪም ብቻ ይሥራው ቢባል ኖሮ መብቱ የአዲስ አበባ ሴቶች መብት ሆኖ ይቀር ነበር። በ2000 ዓ.ም. ሆን ተብለው ከተቋረጡት ፅንሶች በጤና ተቋም የተቋረጡት 27 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2006 ቁጥሩ 53 በመቶ ደረሰ። ቀሪዎቹ ዛሬም በድብቅ ይደረጋሉ፤ በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን እህቶቻችን የሚሞቱትም እዚያ ነው።

«ቃሏ ብቻ ከበቃ ማንም እየዋሸች ትገባለች» የሚሉ አሉ። የፅንሱ ሕይወት የሚያስጨንቃቸው አማኞችም አሉ፤ ጭንቀታቸውን አከብራለሁ። ግን ማስረጃ ይቅረብ ሲባል የሚቀጣው ውሸታሟ አይደለችም፤ የደፈራት ሰው አጠገቧ የሚኖርባት፣ አፍ አውጥታ መክሰስ ያልቻለችው ልጅ ናት። ሕጉ ግን ጎዶሎም ነው፦ ድህነት ቅጣት ያቀላል እንጂ አይፈቅድም። ብዙ ሴቶችም መብቱ እንዳላቸው የሚሰሙት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

የታመነች ሴትም የምትገባበት ጤና ጣቢያ ያስፈልጋታል። በሰሜኑ ጦርነት አስገድዶ መድፈር በተስፋፋበት ወቅት፣ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች ትግራይ ውስጥ ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ የሚሆኑት ተዘርፈው እንደነበር፣ በወጉ ይሠሩ የነበሩትም 13 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አስታወቁ። አንቀጽ 552 በዚያን ጊዜም ሥራ ላይ ነበር።