ከቤተሰቡ የመጀመሪያው ባለዲግሪና የክላውድ ሥራ

በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሚመረቁት መካከል ከቤታቸው የመጀመሪያውን ዲግሪ ይዘው የሚወጡት ብዙ ናቸው። አባት ገበሬ፣ እናት የጉልት ነጋዴ፣ ታላቅ ወንድም ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናም አለባቸው። ከእነዚህ ልጆች አንደበት ሰሞኑን ደጋግሜ የምሰማው «ክላውድ» የሚለውን ቃል ነው። ለመሆኑ ይህ ሥራ ምንድን ነው? ቢሮ ውስጥ ዘመድ የሌለው ልጅስ ሊገባበት ይችላል? እኔ የሕግ ሰው እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። ይሁንና የዚህ ሥራ ግማሹ የውልና የኃላፊነት ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት ልበል። በበኩሌ ይችላል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን መንገዱ በየማስታወቂያው የሚነገረው አይደለም።

ነገሩን በወፍጮ እንየው። ጤፍ ለማስፈጨት ብላ ወፍጮ የምትገዛ እናት የለችም። እህሏን ይዛ ትሄዳለች፣ በኪሎ ትከፍላለች፣ ዱቄቷን ይዛ ትመለሳለች። የሞተሩ ጥገና፣ የመብራቱ ሒሳብ፣ የቤቱ ኪራይ የባለወፍጮው ጣጣ ነው። ክላውድ ኮምፒዩቲንግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ ድርጅት ሰርቨር ገዝቶ፣ ክፍል አቀዝቅዞ፣ ጄኔሬተር አቁሞ ከመቀመጥ ይልቅ የሌላ ኩባንያ ኮምፒዩተር በኢንተርኔት ይከራያል፤ በተጠቀመው ልክም ይከፍላል። አማዞን ይህን ኪራይ በሰፊው የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ማይክሮሶፍትና ጉግል ተከተሉት። ሦስቱም በደቡብ አፍሪካ የዳታ ማዕከል አላቸው፤ ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል በ2024 ነው የከፈቱት። እኛ ዘንድም ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል።

ወፍጮው የሌላ ሰው ከሆነ ታዲያ ባለሙያ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ውሉ ውስጥ አለ። ጤፏን ሳታበጥር ያስፈጨች ሴት እንጀራዋ ላይ ጠጠር ብታገኝ ባለወፍጮውን መውቀስ አትችልም። የክላውድ ኩባንያዎችም «የጋራ ኃላፊነት» በሚሉት መርህ የሚነግሩን ይህንኑ ነው። ሕንፃው፣ መሣሪያውና መስመሩ የአከራዩ ኃላፊነት ነው። በውስጡ የሚቀመጠው መረጃ፣ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለው ፈቃድ፣ በሩ መዘጋቱና አለመዘጋቱ ግን የተከራዩ ነው። ይህ የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2019 ካፒታል ዋን የተባለው የአሜሪካ ባንክ መረጃውን አማዞን ዘንድ አስቀምጦ ነበር። የመከላከያ ፋየርዎሉ በትክክል ባለመስተካከሉ አንዲት ግለሰብ ገብታ በአሜሪካ የ100 ሚሊዮን፣ በካናዳ የ6 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ወሰደች። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የባንክ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት 80 ሚሊዮን ዶላር የቀጣው ባንኩን ነው። እንግዲህ የክላውድ ባለሙያ የሚቀጠረው ጤፉን እንዲያበጥር ነው። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ከአገር የሚወጣበትን ቅድመ ሁኔታ ደንግጓል። ስለዚህ የደንበኛው መረጃ የት እንደተቀመጠና ማን እንደሚያየው ሲጠየቅ መመለስ የሚችል ሰው የሚፈልጉት የውጭ ኩባንያዎች ብቻ አይደሉም።

ስድስት ኪሎ የሕግ ተማሪ ሳለሁ የዳኛና የጠበቃ ልጆችን እታዘብ ነበር። ከእኛ ከሌሎቻችን የበለጠ አላነበቡም። ነገር ግን የትኛው መሥሪያ ቤት መቼ እንደሚቀጥር፣ ማመልከቻው ለማን እንደሚገባ፣ አለቃ ሲጠይቅ «አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ማለት ነውር እንዳልሆነ ቤታቸው እራት ላይ ሰምተውታል። ከቤቱ የመጀመሪያ የሆነው ተመራቂ የሚጎድለው ይህ የእራት ላይ ወሬ እንጂ ጭንቅላት አይደለም። የክላውድ ሙያ አንዱ በጎ ጎን ወሬው በአብዛኛው ተጽፎ አደባባይ መውጣቱ ነው። ለእያንዳንዱ ፈተና ምን እንደሚጠየቅ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ያወጣሉ። ማይክሮሶፍት ለርንና የአማዞኑ ስኪል ቢልደር ትምህርት በነፃ ይሰጣሉ። ሠርቶ ማሳየትም ይቻላል። ራሱ የዘረጋውን፣ በኢንተርኔት ከየትም ሆኖ ሊታይ የሚችል ሥራ የያዘ ልጅ «የማን ልጅ ነህ» ለሚለው ጥያቄ ሌላ መልስ አለው።

ስህተት የሚመጣው ከቅደም ተከተሉ ነው። «በሦስት ወር የክላውድ ባለሙያ» የሚሉ ማስታወቂያዎች የሚሸጡት ጣሪያውን ነው፤ ግድግዳው የት እንዳለ ግን አይናገሩም። መጀመሪያ ሊኑክስ፣ ኔትወርክና እንደ ፓይተን ያለ አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ዲኤንኤስ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ አማዞን ላይ የተቀመጠ ልጅ፣ አዝራር መጫን ይለምድ ይሆናል እንጂ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ምክንያቱን አያገኝም። ከዚያ አንዱን ኩባንያ መርጦ እሱኑ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው። ሦስቱንም መነካካት ለመናገር ያመቻል፤ ለመቀጠር ግን አያመችም።

ሰርተፊኬቱ ገንዘብ ነው። የአማዞን የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና 100 ዶላር፣ ቀጣዩ የሶሉሽንስ አርክቴክት ፈተና ደግሞ 150 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተመራቂ የመንግሥት መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር መሆኑን ካሰብን፣ ሁለተኛው ፈተና ከአንድ ወር ተኩል ደመወዝ በላይ ይበላል። ሰርተፊኬቱ ከሦስት ዓመት በኋላ መታደስም አለበት። የማይክሮሶፍት የመካከለኛ ደረጃ ሰርተፊኬት በየዓመቱ ይታደሳል፤ እድሳቱ ግን በኢንተርኔት የሚሠራ ነፃ ምዘና ነው። ይህ ልዩነት ለባለጠጋ ልጅ ምንም ነው፤ ለጉልት ነጋዴዋ ልጅ ግን የኩባንያ ምርጫዋን ሊወስን ይችላል። መለማመጃው ላይም እንዲሁ። ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ የሌላት ተማሪ፣ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ካላት ማይክሮሶፍት ያለ ካርድ 100 ዶላር የሚያወጣ የመለማመጃ ክሬዲት ይሰጣታል፤ የአማዞን ኤዱኬትም ካርድ አይጠይቅም። ታዲያ ይህን የሚነግራት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከተመረቀች በኋላ፣ ኢሜይሉ ከተዘጋ ወዲያ ነው።

ከባዱ ነገር ግን ሌላ ነው። ይህች ልጅ የተማረችው ብቻዋን አይደለም። በሬ ተሸጦላታል፣ ታናሽ እህቷ ደብተር ሳይገዛላት ቀርቷል። በምረቃው ማግስት ቤቱ በሙሉ የሚጠብቀው የመጀመሪያውን ደመወዝ ነው፤ የወጪ መጋራቱም ዕዳ አለ። «እማዬ፣ ስድስት ወር ቤት ቁጭ ብዬ ልማር» ማለት በዚያ ቤት ቋንቋ «ሥራ አልፈልግም» ማለት ነው። ስለዚህ ያለ ደመወዝ ስድስት ወር ተማሩ የሚለው ምክር ለእሷ ምክር አይደለም። የሚያዋጣት ማዕረጉ ሳይሆን ቦታው ነው፤ ማለትም ሰርቨር ያለበት ማንኛውም ቤት። የባንክ የአይቲ ድጋፍ ክፍል፣ የሆስፒታል መረጃ ክፍል፣ የኮሌጅ ላብራቶሪ። እዚያ የይለፍ ቃል እየቀየረች፣ የተበጠሰ ኬብል እየተካች ደመወዟን ትልካለች፤ ምሽቱን ትማራለች። የመጀመሪያው የክላውድ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በውድድር ማስታወቂያ ሳይሆን፣ መሥሪያ ቤቱ ሲስተሙን ሊያዛውር ሲነሳ «ይህን የሚያውቅ አለ?» በተባለ ዕለት ነው። ለእናትየው ሥራውን ለማስረዳት ደግሞ ያው ወፍጮው ይበቃል።

እዚህ ላይ የሕግ ሰውነቴ ይነሳብኛልና ስለ ውል አንድ ነገር ልጨምር። አሠሪ ለሥልጠና ከፍሎ «ይህን ያህል ዓመት ታገለግላለህ» የሚል ግዴታ ሲያስፈርም፣ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ቢለቁ የሚመለሰው ገንዘብ እንዴት እንደሚሰላ ማየት ይገባል። ለውጭ ኩባንያ ከቤት ሆኖ የሚሠራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርመው በራሱ የሚሠራ ተቋራጭ ሆኖ ነው። እንዲህ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው የዓመት ፈቃድና የስንብት ክፍያ ለእሱ የለም። ክርክር ቢነሳ የትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛውና የት እንደሚዳኝ የሚናገረው አንቀጽም አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሰው ሳያነብ በሚፈርምባቸው የመጨረሻ ገጾች ላይ ነው።