ከርቀት ትምህርት ቀድሞ የሚጠፋው ማነው?

መርካቶ ሸማ ተራ ተቀጥሮ የሚሸጥ ሰው ሱቅ የሚከፍተው በጠዋት ነው፤ የሚዘጋው ሲመሽ። ለማታ ትምህርት እንኳ አይደርስም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደ ቅድስት ማርያም ያሉ የግል ኮሌጆች ያስፋፉት የርቀት ትምህርት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚስማማ ነው። ተማሪው ሞጁል የሚባለውን የታተመ ማስተማሪያ ወስዶ በራሱ ጊዜ ያነባል፤ አሳይመንት ሠርቶ ያስረክባል፤ በመጨረሻ ለፈተና ይቀርባል። በመሀል ቱቶሪያል፣ ማለትም ከመምህር ጋር የሚገናኝበት የማጠናከሪያ ትምህርት አለ። እሱ ግን ቅዳሜ ከዋለ ለመርካቶ ሰው የለም ማለት ነው፤ ቅዳሜ ዋናው ገበያ ነው።

ትምህርት ሚኒስቴር በነሐሴ 2002 ዓ.ም. በጥራት ሥጋት የርቀት ትምህርትን አግዶ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ እገዳው ላላ። ጥራት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታየው ፈቃዱና ሞጁሉ ነው። በሞጁሉና በተማሪው መካከል ያለው ሰው ግን ያን ያህል አይታይም።

የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ማይክል ሙር ይህን ጉዳይ በሦስት ነገሮች ያስረዳል፦ በመምህርና በተማሪ መካከል ያለው ምልልስ፣ ኮርሱ ምን ያህል አስቀድሞ ተቆርጦ እንደተሰፋ፣ ተማሪው ምን ያህል ራሱን መምራት እንደሚችል። ምልልሱ ሲያንስና ኮርሱ ሲጠብቅ በመምህሩና በተማሪው መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ክፍተቱን የመሙላቱ ሸክምም ተማሪው ላይ ይወድቃል። ሞጁል ጥብቅ ነው፤ ጥያቄ አይመልስም። ስለዚህ ምልልሱ ያለው አሳይመንቱ ላይ ነው።

የሒሳብ አያያዝ ተማሪ በየዓመቱ እኩል የሚታሰብ የእርጅና ቅናሽ እንዲያሰላ ተጠየቀ እንበል። የስፌት መኪናው ዋጋ 60,000 ብር፣ ቀሪ ዋጋው 10,000፣ የአገልግሎት ዘመኑ 5 ዓመት ነው። ተማሪው ቀሪ ዋጋውን ሳይቀንስ 60,000ን ለ5 አካፍሎ በዓመት 12,000 ይላል፤ ትክክለኛው 10,000 ነው። በሳምንቱ እርማት ከደረሰው ስሕተቱ እዚያው ያበቃል። ወረቀቱ ከፈተና በኋላ ከተመለሰ ግን ቀጣዩን ምዕራፍ ሁሉ በዚያው ስሕተት ላይ ሠርቶታል። በቀይ እስክሪብቶ 4/10 ብቻ ተጽፎ ከመጣ ደግሞ የት እንደሳተ እንኳ አያውቅም።

እርማቱ ለምን ይዘገያል? ወረቀቱን የሚያርመው ቱተር ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ መደበኛ ሥራ አለው። ክፍያው በወረቀት ቁጥር ሲታሰብ፣ ነጥብ ብቻ የሰጠውም አንድ ገጽ አስተያየት የጻፈውም የሚያገኙት እኩል ነው። ወረቀቱ የሚመጣው ደግሞ በመጨረሻው ቀን፣ በክምር ነው። አስተያየቱ ያጥራል፤ አስተያየት ያላገኘ ተማሪ መጠየቁን ይተዋል፤ የሚጠይቀው የሌለ ቱተርም ከፊቱ ያለውን እንደ ክምር ብቻ ያየዋል። አንዱ ሌላውን ያቀዘቅዘዋል።

ኢንተርኔት ይህን ያቃልላል ተብሎ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ብዙ መምህራን ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ገቡ። ፋይል ይላካል፤ የድምፅ መልእክት ከቪዲዮ ያነሰ ዳታ ይበላል። ግን አዲስ ችግርም መጣ። በወረቀቱ ዘመን መልስ ያጣ ተማሪ ብቻውን ነበር መልስ የሚያጣው። ግሩፕ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት የተጻፈ ጥያቄ ሁለት ቀን ያለ መልስ ሲቀመጥ ሁሉም ያየዋል፤ ሌላውም ሊጠይቅ ያሰበውን ይተወዋል። ቱተሩ ደግሞ ማታ የሚመልሰው ማንም ሳይከፍለው ነው።

የውጭው ልምድ ወደዚሁ ይጠቁማል። ለሁሉም ክፍት በሆኑት ግዙፍ የኢንተርኔት ኮርሶች ቪዲዮው ጥሩ ነው፤ ለተማሪው የተመደበ መምህር ግን የለም፤ የሚጨርሱት በአብዛኛው ከተመዝጋቢው ከ15 በመቶ በታች ናቸው። ነፃ ስለሆኑ ለማየት ያህል የሚመዘገበው መብዛቱ አይካድም። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1971 ማስተማር ሲጀምር ጀምሮ ለተማሪው ቱተር ይመድባል፤ በአሳይመንቱ ላይ አስተያየት መጻፍም የቱተሩ ዋና ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ሲታይ፣ ተማሪው ጠፋ ከመባሉ በፊት ብዙ ጊዜ ቱተሩ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የመልስ ቀን ቢቆረጥ፣ የመልሱ ሰዓት በክፍያ ቢታሰብ፣ ግሩፑ አንድ ሰው በስም በሚያውቃቸው ተማሪዎች ቢወሰን፣ ምልልሱ ሊቆይ ይችላል። ወጪው ላይ ግን ጉዳዩ ይጠብቃል። ሞጁል አንዴ ከተዘጋጀ ለአንድ ሺህ ተማሪ ቢባዛ የሚጨምረው የኅትመት ዋጋ ነው፤ የቱተር ሰዓት ግን ከተማሪው ቁጥር ጋር እኩል ያድጋል። የርቀት ትምህርትን ርካሽ ያደረገው ይህንኑ ሰዓት መቆጠቡ ነው፤ ጭማሪው የተማሪው ክፍያ ላይ ከተደረገ ደግሞ የሚከፍለው ያው የሸማ ተራው ሻጭ ነው።