ከሰው ቁመት የሚስተካከለው ደብል ቤዝ በመድረክ ላይ ድምፁ ለምን ይጠፋል?

በሠርግ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ደጋኑን ሲስብ ድምፁ ከኪቦርዱና ከከበሮው መካከል አይለይም። ታዳሚው "ጨምርለት!" ይላል፤ የድምፅ ባለሙያውም ይጨምራል። ወዲያው ጆሮ የሚሰነጥቅ ፉጨት ድንኳኑን ይሞላዋል። ልጆች ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ ባለሙያው ወደ ሚክሰሩ ይሮጣል፣ መሰንቆውም ተመልሶ በጩኸቱ ይዋጣል። ብዙ ጊዜ ወቀሳው በባለሙያው ወይም በአዝማሪው ላይ ይወርዳል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ባዶ ሆድ ያለው የእንጨት መሣሪያና የኤሌክትሪክ ድምፅ ማጉያ በባሕርያቸው የማይስማሙ ጎረቤቶች ናቸው።

ይህን ጠብ ከማንም በላይ የሚያውቁት የደብል ቤዝ ተጫዋቾች ናቸው። ደብል ቤዝ በቫዮሊን መልክ የተሠራ፣ ግን 1 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ተጫዋቹ ቆሞ ወይም ከፍ ባለ ወንበር ተደግፎ አቅፎት የሚጫወተው ባለ አራት አውታር መሣሪያ ነው። በኦርኬስትራ በደጋን፣ በጃዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጣት ይመታል። የሀገራችን ሙዚቃ አፍቃሪም ቢሆን አይቶት ያውቃል፤ የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለውን ሙላቱ አስታጥቄን በውጭ ሀገር መድረኮች ካጀቡት ሙዚቀኞች መካከል ደብል ቤዝ ተጫዋች ይገኝበታል።

መሣሪያው ይህን ያህል ከገዘፈ ድምፁ ለምን ይጠፋል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ የሚገርም ነው፤ ደብል ቤዝ ለሚያወጣው ድምፅ ሲታይ ትንሽ ነው። የመጨረሻው ወፍራም አውታሩ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የዚህ ድምፅ አንድ ሞገድ ከስምንት ሜትር በላይ ይረዝማል። ከሁለት ሜትር ያነሰ ሣጥን ስምንት ሜትር የሚረዝም ሞገድ በኃይል ሊገፋ አይችልም። የሰው ጆሮም በዚህ ላይ አይረዳም፤ ወፍራም ድምፅን ከቀጭን ድምፅ ይልቅ በድካም ነው የሚሰማው። አንድ ሰው መለከት ሲነፋና ሌላው ደብል ቤዝ ሲመታ ሁለቱ እኩል ቢደክሙ እንኳ አድማጩ መለከቱን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የጥንቶቹ የጃዝ ሙዚቀኞች ለዚህ የነበራቸው መድኃኒት ጉልበት ነበር። አውታሮቹን ከመሣሪያው አንገት ከፍ አድርገው ይወጥሯቸውና በኃይል ይስቧቸው፣ አንዳንዴም ከእንጨቱ ጋር እያጋጩ ያስጮኋቸው ነበር። አውታሮቹ እንደ ቀደሙት የክራርና የበገና አውታሮች ከበግ አንጀት የተሠሩ ነበሩ። ጣት ይቆስላል፣ እጅ ይዝላል፤ ሆኖም ከበሮና ጡሩንባ ባለበት አዳራሽ የኋላው ታዳሚ የሚሰማው ጥቂት ነበር።

በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ) ኤቨረት ሃል የሚባል አሜሪካዊ ሙዚቀኛ አንድ መላ ዘየደ። ደብል ቤዝ መሬት ላይ የሚያርፍበት ዘንግ ወደ ሣጥኑ ውስጥ ስለሚዘልቅ፣ በዚያ ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ማይክሮፎን ሰክቶ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ አኖረው። እስከ ዛሬ የቤዝ ድምፅ ማጉያ በመሥራት የሚታወቀው አምፔግ ስሙን ያገኘው ከዚሁ "ድምፁ ከጎላ ዘንግ" ነው። መላው ብልህ ነበር፤ ግን ጠቡን አልፈታም። ማይክሮፎኑን ሆዱ ውስጥ ማኖር፣ የሚያስተጋባውን ዋሻ ራሱን ማዳመጥ ነውና።

ጠቡ ምን እንደሆነ ለመረዳት የገደል ማሚቶን ማሰብ ይበቃል። እረኛ ከገደል አፋፍ ቆሞ ሲጣራ ድምፁ ተመልሶ ይመጣል፤ ግን ደክሞ ስለሚመጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብሎ ይሞታል። አሁን ገደሉ የእረኛውን ድምፅ ከጠራበት አብልጦ የሚመልስ ቢሆንስ? የተመለሰው ድምፅ እንደገና ይመለሳል፣ በየምላሹም ይጨምራል፣ በመጨረሻም ከአንድ ረጅም ጩኸት በቀር የሚሰማ አይኖርም። በመድረክ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። አውታሩ ይርገበገባል፤ ድምፁ በሽቦ ወደ ማጉያው ሄዶ በስፒከሩ ጎልቶ ይወጣል፤ የወጣው ድምፅ የመሣሪያውን ሰፊ ደረት መልሶ ይመታዋል፤ ደረቱ ደግሞ አውታሩን ያርገበግበዋል። ባለሙያዎች ፊድባክ የሚሉት ይህን ዑደት ነው። መሰንቆ ላይ ፉጨት ሆኖ ሲሰማ፣ ደብል ቤዝ ላይ ግን እንደ በሬ ማግሳት ያለ፣ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ጉምጉምታ ይሆናል።

እንግዲህ ድምፅ መጨመር መፍትሔ ያልሆነበት ምክንያት ይህ ነው። ባለሙያው በጨመረ ቁጥር የሚጨምረው የመሣሪያው ድምፅ ብቻ ሳይሆን የገደሉም ምላሽ ነው።

በ1951 (እ.ኤ.አ) ሊዮ ፌንደር ጠቡን በሌላ መንገድ ቆረጠው፤ ሆዱን አስወገደ። ፕሪሲዥን ቤዝ ብሎ ያወጣው ቤዝ ጊታር ከድፍን እንጨት የተሠራ ስለሆነ እንደ ደብል ቤዝ የሚያስተጋባ ሣጥን የለውም። በትከሻ ይንጠለጠላል፣ በታክሲ ይጫናል፣ ቢያጎሉትም እንደ ደብል ቤዝ በቀላሉ አይጮኽም። በአንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት መስመሮችም ጣት ትክክለኛውን ቦታ እንዳይስት ያግዛሉ። በቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት ውስጥ በዳንስ ባንዶችና በዘመናዊ ሙዚቃ ዘንድ ደብል ቤዝ ቦታውን ለዚህ ልጅ መሣሪያ ለቀቀ። የተባረረው ድምፁ ስለከፋ አልነበረም፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል መሰማት ስላልቻለ ነው።

ያም ሆኖ አልሞተም። ጃዝ ተጫዋቾች ያን የእንጨት ድምፅ አንለቅም አሉ። ለእነርሱ ሁለተኛውን ዕድል ያመጣው ፒዬዞ የሚባል ስስ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ በ1880 ፒዬርና ዣክ ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች አንዳንድ ማዕድናት ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አረጋግጠው ነበር። ቀጭ ሲደረግ ብልጭታ የሚያወጣው የጋዝ ምድጃ መለኮሻ በዚሁ ጥበብ ይሠራል። አውታሮቹን ከደረቱ በላይ ተሸክሞ በሚቆመው እንጨት፣ በበገና በርኩማ በሚባለው ዓይነት ክፍል ሥር ወይም ጎን ይህ ስስ ነገር ሲሰካ፣ የእንጨቱን መርገብገብ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። አየሩን ሳይሆን እንጨቱን ስለሚያዳምጥ ከማይክሮፎን ይልቅ ለፊድባክ አይቸኩልም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ፤ ክራራቸው ላይ ፒዬዞ ያስገጠሙ ወጣቶችም ሊያነቡት ይገባል። የፒዬዞ ጉልበት እጅግ ደካማ ነው። ከጠባብ ምንጭ የሚወጣ ውኃ ወደ ሰፊ ደረቅ ቦይ ቢለቀቅ መሬቱ ጠጥቶ እንደሚጨርሰው፣ የፒዬዞ ሽቦ በቀጥታ በሚክሰር የማይክሮፎን ቀዳዳ ቢሰካ ወፍራሙ ድምፅ በመንገድ ይቀራል፤ የሚደርሰው እንደ ቆርቆሮ የሚንቃጨል ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው። የማይክሮፎን ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሺህ ኦም ብቻ ሲኖረው፣ ፒዬዞ ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ኦም፣ ለደብል ቤዝ ደግሞ እስከ ዐሥር ሚሊዮን ኦም የሚደርስ መቀበያ ይፈልጋል። በመካከላቸው ፕሪአምፕ የሚባል ትንሽ ሣጥን የሚገባው ለዚህ ነው። ስንት መሣሪያ "ድምፁ አያምርም" ተብሎ ተወቅሷል፤ ጥፋቱ ግን የአንዲት ሣጥን መጉደል ነበር።

ፕሪአምፑ ሌላም ጥቅም አለው። ጥሩ የሆነው ከመሣሪያው የመጨረሻ ወፍራም ድምፅ በታች ያለውን ሁሉ የሚቆርጥ ማጣሪያ ይኖረዋል። ከ40 ንዝረት በታች ከደብል ቤዝ የሚጠበቅ ዜማ የለም፤ ያለው የእግር ኮቴ፣ የመድረኩ መንቀጥቀጥና የስፒከሩ ከንቱ ድካም ነው። እሱ ሲቆረጥ ድምፁ የሚያንስ ይመስላል፤ በተግባር ግን ይጠራል። የሞገዱን አቅጣጫ የሚገለብጥ ማብሪያም ይገኝበታል። ዥዋዥዌ የሚጫወትን ልጅ በሚሄድበት ቅጽበት ቢገፉት ይበልጥ ይወነጨፋል፣ በሚመጣበት ቅጽበት ቢገፉት ግን ይቆማል። ማብሪያው የስፒከሩን ግፊት ከሁለተኛው ጋር እንዲገጥም ሊያደርገው ይችላል። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ተጫዋቹ የቆመበት ቦታ ይወስነዋል። መሞከር ግን ምንም አያስወጣም።

በገንዘብ የማይገዛው መፍትሔ ደግሞ አቀማመጥ ነው። እኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል፤ ከሁሉ የሚረሳውም እሱ ነው። ስፒከሩ የመሣሪያውን ደረት ፊት ለፊት ማየት የለበትም። ከወለል ላይ አንሥቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ የእንጨት መድረክ አብሮ እንዳያስተጋባ ይረዳል። ሁለት ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ ወፍራም ድምፅን ስለሚያበዛ ከዚያ ራቅ ማድረግ ይገባል። ማይክሮፎን ከተጠቀሙ ደግሞ በተቻለ መጠን ማስጠጋት፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳልና፣ አንድ ስንዝር ማስጠጋት ብዙ ማጉላትን ይተካል። በደብል ቤዝ ደረት ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በስፖንጅ የሚወትፉም አሉ። ለዓይን አያምርም፤ ሆኖም የሆዱን አየር ስለሚያረጋጋ ይሠራል።

ብዙ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ፒዬዞውንና ማይክሮፎኑን አንድ ላይ ይጠቀማሉ። ፒዬዞው ጉልበቱን ይሰጣል፤ ማይክሮፎኑ ደግሞ የእንጨቱን ሙቀትና የጣቱን ዳሰሳ ይመልሳል። ፒዬዞ ብቻውን ሲሆን ድምፁ እንደ ላስቲክ ይሆናል የሚል ቅሬታ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) የጃዝ ቅጂዎች ጀምሮ ይሰማል፤ በደጋን ሲጫወቱበትም ይሻክራል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አድማጭ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ደብል ቤዝ በአንገቱ ላይ መስመር የለውም፤ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው የተጫዋቹ ጆሮና ጣት ተባብረው ነው። ራሱን ካልሰማ ይስታል። ስለዚህ ከመሣሪያው አጠገብ የሚቀመጠው ትንሽ ማጉያ ለታዳሚው ሳይሆን ለተጫዋቹ ጆሮ ነው።

መሰንቆም እንዲሁ ነው። አንድ የፈረስ ጭራ አውታር፣ በቆዳ የተለበጠ ሣጥን፣ መስመር የሌለው አንገት፤ ጣቶች አውታሩን በአየር ላይ እየነኩ ዜማውን ይፈልጉታል። ቆዳው ከእንጨት ይልቅ ስስ ስለሆነ የስፒከርን ድምፅ ለመቀበል ይበልጥ ይቸኩላል። ራሱን የማይሰማ አዝማሪ ሲስት ከቅኝት የወጣው እጁ ይመስለናል። ክራር አስቀድሞ መንገዱን ጀምሯል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክራርና ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ ቤዝ ክራር በባህል ቡድኖች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። በገና ግን አውታሩ ቆዳውን እየነካ የሚያሰማው ነዘር ያለ ድምፅ ነፍሱ ስለሆነ፣ በማጣሪያ የነካካው ባለሙያ ሳያውቅ ነፍሱን ሊቆርጠው ይችላል። በብዙ ሠርግ ላይ ደግሞ ኪቦርድ የመሰንቆን ድምፅ አስመስሎ ሲያወጣ እንሰማለን። ኪቦርዱን መውቀስ አይገባም፤ ደብል ቤዝን ከዳንስ አዳራሽ ያስወጣውም እንዲህ ያለ ምቾት ነበር።

መሰንቆ ወይም በገና ባለበት ድግስ ላይ ሥራው መጀመር ያለበት እንግዳ ከመግባቱ በፊት ነው። ባለ መሣሪያው በሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጥ፤ ስፒከሮቹ ከእሱ ፊት ይሁኑ፣ ጀርባቸውንም ይስጡት። ከዚያ ባለሙያው ድምፁን ቀስ እያለ ከፍ ያድርግ፤ መጀመሪያ የሚጮኸውን ድምፅ ለይቶ በኢኳላይዘሩ እሱን ብቻ ዝቅ ያድርግ፣ ሌላውን አይንካ። አዳራሹ ወይም ድንኳኑ ሲሞላ ደግሞ የሰው ልብስና ገላ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ ወፍራሙን ግን እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ ባዶ ቤት ውስጥ ልክ የነበረው ቤዝ ሰው ሲገባ የከበደ ይመስላል፤ ያኔ ቤዙን ትንሽ ዝቅ ማድረግ እንጂ ሌላውን ሁሉ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም።